መርዶ ያልገባበት ቤት

ትርንጎ በሞተች በሳምንቱ ስለ ውሃ መስመሩ ተጠየቀች፤ እንደ ወትሮዋም አጥርታ መለሰች።

«ቧንቧው ቦርከናን ተሻግሮ እኛ ሰፈር እስኪደርስ ሌላ ወሬ አልሰማም» አለች ከግድግዳው ስፒከር። «ኤልዳና ሰይድ ትሻለኛለች።»

እናቷ ወይዘሮ ረድኤት ከስፒከሩ ሥር ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ደህና የሚሰማውን ጆሯቸውን ወደ ላይ አዙረው አዳመጡ። ስትጨርስ ፈገግ አሉ።

«ጉንፋኑ ለቀቃት። ትናንት ድምጿ ዘጋ ብሎ ነበር፤ ልብ አላልሽም ኢክራም?»

«ብያለሁ እትዬ።»

ትናንት የዘጋው ስፒከሩ ነበር። ቀኑን ሙሉ አቧራ የቀላቀለ ነፋስ ሲነፍስ ውሎ፣ ማታ በሰፈሩ ቤት ሁሉ ድምፁ ጎርንኖ ነበር።

«ትመስላለች?» ሲል ከዚያው ስፒከር የምርጫ ቢሮው ድምፅ ጠየቀ። ይኼኛው የማንም ድምፅ አይደለም፤ የወንድም የሴትም አይመስልም።

«ትመስላለች» አሉ ወይዘሮ ረድኤት።

«ትመስላለች» አለች ኢክራም።

ኢክራም ሑሴን በቦርከና ማዶ የመጠይቅ አመሳካሪ ናት። ፓርቲው ለተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበውን እጩ በኮሮጆ መምረጥ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ወረፋውንና ጣት ላይ የሚቀባውን ቀለም የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። አሁን በየምርጫ ክልሉ ጥቂት መቶ ቤቶች ለናሙና ይወጣሉ። በማጣሪያው ሰሞን በየምሽቱ የእያንዳንዱ መራጭ በማሽን የተቀረጸ አምሳያ ይጠየቃል፤ የመጨረሻው ሳምንት አማካይም እጩውን ይወስናል። ሰውየው ራሱ አይጠየቅም። ራሱ ሲጠየቅ ይፈራል፣ ይዋሻል፣ ጠያቂውን ደስ ለማሰኘት ሲል ይመልሳል ተብሎ በጥናት ተረጋግጧል። ስለዚህ ከስፒከሩ ሥር ይቀመጥና አምሳያው በገዛ ድምፁ ሲመልስ ይሰማል፤ ከዚያ «እመስላለሁ» ወይም «አልመስልም» ይላል። አመሳካሪዋም አብራ ሰምታ የራሷን ቃል ትሰጣለች። ፀጉር አስተካካዩ ይስሐቅ አንድ ማታ አምሳያውን ሰምቶ ሲያበቃ፣ «እኔ እንዲህ ማሰቤን አላውቅም ነበር» ብሎ አገጩን አከከ። ግን እመስላለሁ አለ። አልመስልም የሚል ሰው ብርቅ ነው።

ርቀው የሚሠሩት ደግሞ በቤተሰባቸው ፊት ይሰማሉ። ትርንጎ በምሥራቁ ቆላ በጨው ሜዳ ነበር የምትሠራው። ስሟ የቅድመ አያቷ ነው፤ «ረድኤት» እና «ናሆም» የመሳሰሉት የሽማግሌ ስም ሲሆኑ፣ እነ «ትርንጎ» እንደ አዲስ ተመልሰው መጡ። በጨው ሜዳው በሥራ ወቅት ስልክ ክልክል ነው፤ ሞገዱ የተተወው ለማሽኖቹ ነው። ወይዘሮ ረድኤት የልጃቸውን ድምፅ የሚሰሙት ሲመሽ፣ ስለ ግብርና ቀረጥ፣ ስለ መንገድና ስለ እጩዎች ስትጠየቅ ብቻ ነው። ከዚያች ጥቂት ንግግር ብዙ ነገር ማወቅ ለምደዋል። ቶሎ ቶሎ ከመለሰች በልታለች። «አላውቅም» ካለች ደክሟታል። አንድ ጊዜ ስለ ነዳጅ ድጎማ ስትጠየቅ ሳቅ አለች፤ ያን ሰሞን ወይዘሮ ረድኤት «ልጄ ጓደኛ አግኝታለች» እያሉ ለአገኙት ሁሉ አወሩ።

የሚሰሙት አምሳያዋን እንደሆነ ወይዘሮ ረድኤት ይጠፋቸዋል ማለት አይደለም። ግን አምሳያው ከልጅቷ ተቀድቶ በየጊዜው እንደሚታደስ ተነግሯቸዋል፤ ፎቶግራፍ አይቶ «ከሳች» እንደሚል ሰው ነበሩ።

ሞቷን መጀመሪያ የሰማው እድሩ ነው። አሠሪዋ ድርጅት አገሩን አጥንቷል፤ ሞት ለእናት በመልእክት እንደማይነገር ያውቃል። ለእድሩ ሊቀመንበር ለጋሽ ናሆም አጭር ጽሑፍ ላከላቸው። በአንድ ማደሪያ ማቀዝቀዣው ተቋርጦ ተኝተው የነበሩ ሠራተኞች በሙቀት ሞተዋል፤ ትርንጎ አንዷ ናት፤ ሬሳ ማቆየት ስላልተቻለ እዚያው ተቀብረዋል ይላል። የማጽናኛ ቃልም ነበረው።

ጋሽ ናሆም የእድሩን ሰዎች በእቃ ቤቱ ሰበሰቡ። በተደረደሩት ድስቶችና በታጠፉት ወንበሮች መካከል ቆመው አነበቡላቸው። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ፤ የወይዘሮ ረድኤት ቤት ከግንቡ ወዲያ ነው። መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፣ ሰፈሩ በአንድነት ሄዶ። ይህ አልተለወጠም። ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን አጠገባቸው እንደሚቀመጥ ተመካክረው ሊበተኑ ሲሉ ይስሐቅ አፉን አሟሸ።

«ቤቱ ለቅሶ ከገባ ከናሙናው ይወጣል አይደል?»

ሁሉም ወደ ኢክራም ዞሩ።

«ይወጣል» አለች። «ሐዘን ያለበት ቤት እስከ አርባው አይጠየቅም። አስተያየት ያዛባል ተብሎ።»

«የሷስ አምሳያ?»

«ይዘጋል። የሚዘጋው ግን መርዶው ሲነገር ነው እንጂ ሰው ሲሞት አይደለም።»

ደንቡን ያረቀቀው ሰው ደግ ሳይሆን አይቀርም። እናት የልጇን ሞት ከግድግዳ እንዳትሰማ ብሎ፣ መርዶ ያልገባበት ቤት ሟች የለውም የሚል አንቀጽ አስገብቷል። ከሱ በኋላም ማንም አልነካውም።

ትርንጎ ደግሞ በናሙናው ውስጥ ራሷን ብቻ አልነበረም የምትወክለው። ከምርጫ ክልሉ ወጥተው የሚሠሩት ሴቶች ሁሉ የተቆጠሩት በእሷ ነው። ኤልዳና ሰይድና ተፎካካሪዋ ያፌት ይመር በፀጉር ልዩነት ነበር የሚበላለጡት። ኤልዳና ቧንቧውን ወደ ማዶ ለማሻገር፣ ያፌት ወደ ኢንዱስትሪ መንደሩ ለመውሰድ ቃል ገብተዋል። ወንዙ ከደረቀ ወዲህ ቦርከና ማዶ የሚጠጣው ከቦቴ ነው። ቦቴው ሲቀር አይጠጣም።

«ሁለት ሳምንት ናት» አሉ ጋሽ ናሆም። «መርዶ ማቆየት ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር አይደለም። ሰው ከታመመ ይቆያል፣ ሠርግ ከቀረበ ይቆያል። ረድኤትም ብትሆን ሁለት ሳምንት በሰላም ትተኛለች። ማን ይጎዳል?»

«ሠርግ ሲቀርብ የሚቆየው መርዶ እኮ ጋሼ፣ ሟቹ ዝም ብሎ ነው» አለች ኢክራም። «ይቺ በየማታው ትናገራለች።»

«ስለ ቧንቧ ነው የምትናገረው። በሕይወት ብትኖርስ ከዚህ ሌላ ምን ልትል? አንቺ ነሽ አመሳካሪዋ፤ ለያፌት ትሰጥ ነበር?»

«አትሰጥም።»

«በቃ፤ አልዋሸንም።»

በኢክራምም ቤት የውሃው በርሜል ባዶ ሆኖ ከተገለበጠ ቆይቷል፤ አማቷ ኩላሊታቸውን ታመው ተኝተዋል። እንደ ሌሎቹ እጇን አወጣች።

ከዚያ በኋላ በየምሽቱ ወደ ወይዘሮ ረድኤት ቤት ስትገባ ሥራዋን ከወትሮው አስተካክላ ሠራች። የድምፁን ፍጥነት፣ የቃላቱን አመራረጥ፣ ዝም የሚልበትን ቦታ ሁሉ በጥንቃቄ ትከታተል ነበር። ለአመሳካሪነት ሲያሠለጥኗት ያስተማሯት ይህንን ነው፦ ስለ ሰውየው የምታውቀውን እርሺ፣ የምትሰሚውን ብቻ መዝኚ። ያን ሰሞን ትምህርቱ ጠቀማት።

የመጨረሻው ሳምንት ሲገባ ቢሮው አዲስ ጥያቄ ጨመረ። ርቀው የሚሠሩ መራጮች ምን ያህል ክብደት ሊሰጣቸው እንደሚገባ ለማስላት ነው ተባለ።

«በሚቀጥለው ዓመት በምርጫ ክልልዎ ውስጥ ይኖራሉ?»

«አዎ» አለች ትርንጎ። «ጨው ሜዳው በቅቶኛል። ለመስቀል እመጣለሁ፤ ከመጣሁም አልመለስም።»

ወይዘሮ ረድኤት ከወንበሩ ተነሥተው መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አሳረፉ፤ የታመመ ሰው ትኩሳት እንደሚለካ።

«ትመስላለች?»

«ትመስላለች እንጂ፤ እሷው ናት» አሉ።

ኢክራም ዘገየች። የቢሮው ድምፅ ጥያቄውን ደገመ።

«ምነው ልጄ፣ ያቺ ጉንፋን ወዳንቺ ዞረች እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ረድኤት።

«ትመስላለች» አለች ኢክራም።

በማግስቱ ወይዘሮ ረድኤት የውስጠኛውን ክፍል እቃ አወጡ። ግድግዳውን ራሳቸው ፋቁ። ለአናጢ አልጋ አዘዙ፤ አሮጌው ለሕፃን እንጂ ለትልቅ ሰው አይሆንም አሉ። ከሰዓት በኋላ ከቦቴው ወረፋ ላይ ኢክራምን አግኝተው ክንዷን ያዙ።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ለቢሮው ንገሪልኝና አንዲት ጥያቄ ይጨምሩ። በየትኛው ቀን ነው የምትመጪው ብለው ይጠይቁልኝ። መናኸሪያ ወጥቼ ልቀበላት።»

«ጥያቄውን የምናወጣው እኛ አይደለንም እትዬ።»

«አውቃለሁ፤ ለመንግሥት የማይጠቅም ጥያቄ ነው» ብለው ሳቁ። ከፊታቸው የቆመችው ጎረቤት፣ ከእድሩ ስብሰባ የነበረች ናት፤ ጀሪካኗን ለማስተካከል ጎንበስ ብላ ሳትቃና ቀረች።

ኢክራም ከወረፋው ወጥታ በቀጥታ ጋሽ ናሆም ቤት ሄደች። በረንዳ ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን ሲጠርጉ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ እንንገራቸው። ግድግዳውን ኖራ ሊቀቡ ነው።»

«አውቃለሁ። ኖራውን የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ኢክራም በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«መጥታ ለመነችኝ፤ ምን ልበላት? የለኝም ልበል፣ በርሜል ሙሉ ኖራ ግቢዬ ተቀምጦ?» መነጽሩን አደረጉት፤ መልሰው አወለቁት። «የልጅቷ የክርስትና አባት እኔ ነኝ ኢክራም። አንቺ ብቻ አይደለሽም የሚያምሽ። ጥቂት ምሽት ናት የቀረችን። እስካሁን ያደረግነውን ለከንቱ አናርገው።»

«ዛሬ ከሚሰሙት ያን ጊዜ የሚሰሙት ይብሳል።»

«ይብሳል። ውሃውም አብሮ ቀርቶ ከሚሆን ግን ...»

የማጣሪያው ውጤት በተነገረበት ማታ ኤልዳና ሰይድ አለፈች። ልዩነቱ ከትርንጎ ክብደት ያነሰ ነበር። ቦርከና ማዶ ግን ሲጨፈር አልተሰማም። ሰዉ በየበሩ ወጥቶ ቆመ፣ ተያየ፣ መልሶ ገባ። ወይዘሮ ረድኤት ብቻ መንገድ ላይ ወጥተው እልል አሉ።

ከውጤቱ በኋላ አንድ የመቃወሚያ ቀን አለ። በዚያን ቀን የየቤቱ ስፒከር ከንጋት እስከ ምሽት የሚነገረውን ያዳምጣል፤ መራጭም ሆነ አመሳካሪ ቀደም ሲል የሰጠውን ቃል ስፒከሩ በሚሰማበት ቦታ ከሻረ ያ ድምፅ ከሂሳቡ ይወጣል። ጋሽ ናሆም ይህ ቀን እስኪያልፍ እንጠብቅ አሉ።

«ጎህ ሲቀድ እገባለሁ» አለች ኢክራም። «ብትመጡም ባትመጡም እነግራቸዋለሁ።»

«ብቻሽን መርዶ ልትነግሪ?»

«ብቻዬን።»

በአንድ ሰው አፍ የተነገረ መርዶ ለሰፈሩ ነውር፣ ለእናትየውም ጭካኔ ነው። ጋሽ ናሆም ሲነጋጋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ከበሩ ተገኙ። ሌሎቹም ከኋላቸው ነበሩ። የእድሩ ጎረምሶች የታጠፈውን ድንኳን ተሸክመው ከግቢው ውጭ ቆሙ።

ወይዘሮ ረድኤት ነቅተው ነበር። በሩን ሲከፍቱ እጃቸው እስከ ክርናቸው በኖራ ነጥቷል፤ ብሩሹን እንደያዙ ነው የወጡት። በንጋት የተሰበሰበውን ሰው ተራ በተራ አዩ። በዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ማን እንደሆነ ነው የሚጠይቀው።

«ማን ነው?» አሉ።

አስገቧቸው፤ አስቀመጧቸው። ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ያዟቸው። ጋሽ ናሆም ተናገሩ። አላስረዘሙትም።

ሴቶቹ እጃቸውን አጥብቀው ጠበቁ። የሚጠበቀው ጩኸት አልመጣም።

«መቼ?» አሉ ወይዘሮ ረድኤት።

«ሦስት ሳምንት አልፏታል።»

ወይዘሮ ረድኤት ጥቂት አሰቡ፤ ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ።

«አይ እንግዲያ ተሳስታችኋል። ባለፈው ሳምንት እኮ ለመስቀል እመጣለሁ ብላለች። ከትናንት በስቲያም ተናግራለች። ስሟ የተመሳሰለ ሌላ ልጅ ትሆናለች፣ ነፍሷን ይማር። እናቷን ፈልጓት፤ እዚህ ቁጭ ብላችሁ እሷ ሳትሰማ እንዳትቀር።»

ከኋላ የነበረች አንዲት ሴት ጩኸቷን ለቀቀችው። ወይዘሮ ረድኤት ቆጣ ብለው፣ «ተይ፣ በልጄ ላይ አታሟርቺ» አሏት፤ ሴትዮዋ ድምጿን ዋጠች። ጋሽ ናሆም ከድርጅቱ የመጣውን ጽሑፍ አወጡ። ወይዘሮ ረድኤት አላዩትም። የያዟቸውን እጆች በቀስታ አስለቅቀው ሰዎቹን ማጽናናት ጀመሩ። አንዱን ትከሻውን ቸብ አደረጉ፣ ሌላዋን «አይዞሽ፣ ደንግጣችሁ ነው» አሉ። ከዚያ ብሩሻቸውን አነሡና ወደ ውስጠኛው ክፍል ሄዱ። አንድ ግድግዳ ቀርቷቸው ነበር።

ሰዉ የሚያደርገው ጠፋው። እናት ሳታለቅስ ለቅሶ አይጀመርም። ከውጭ ጎረምሶቹ ድንኳኑን ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲያዟዙሩ ይሰማል።

ኢክራም ተከትላቸው ገባች። ክፍሉ እርጥብ ኖራ ይሸታል።

«እትዬ ረድኤት።»

«አንቺ ንገሪያቸው እንጂ» አሉ ሳይዞሩ። «በየማታው አብረሽኝ ሰምተሻት የለ? ሥራሽ ነው፤ ካንቺ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ትመስላለች ብለሽ የለ?»

ጋሽ ናሆም በሩ ላይ ደርሰው ቆመዋል። ዓይናቸው ወደ ሳሎኑ ግድግዳ፣ ወደ ስፒከሩ ሄደ። በመካከሉ ያለው በር ክፍት ነው።

«ኢክራም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምሽቱን ከተሻገርን በኋላ ትነግሪያታለሽ። ዛሬ አጠገቧ እንቀመጥ፣ ይበቃል።»

ኢክራም በመስኮቱ አሻግራ አየች። ከመስኮቱ ማዶ የራሷ ቤት ግቢና የተገለበጠው በርሜል ይታያሉ። ወዲያው ፊቷን መለሰች።

«አትመስልም ነበር» አለች።

ወይዘሮ ረድኤት ዞሩ።

«ለመስቀል እመጣለሁ ስትል አትመስልም ነበር እትዬ። ትርንጎን ከልጅነቷ አውቃታለሁ። ቀጠሮ ስትሰጥ 'ካልሞትኩ' ሳትል ሰጥታ አታውቅም። ሱቅ ስትላክ እንኳን 'ካልሞትኩ መጣሁ' ብላ ነበር የምትሮጠው፤ ስንስቅባት ትቆጣ ነበር። እዚህ ሰፈር የማያውቀው የለም። ቢሮው ቃሉን እንደ ማመንታት ስለሚቆጥረው ከአምሳያው ላይ ያወጣዋል። ያን ማታ አላለችውም። ሰምቻለሁ። ሰምቼ ትመስላለች አልኩ።»

ከብሩሹ ኖራ ወለሉ ላይ ጠብ ይል ጀመር። የወይዘሮ ረድኤት ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ የልጃቸውን መልስ ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል።

«ጨው ሜዳው በቅቶኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ለመስቀል እመጣለሁ ...»

ቆሙ። ከመጀመሪያው ደገሙት። እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ቆሙ፤ ቃሉ ቢገኝ ብለው የሚጠብቁ ይመስላሉ።

«አላለችም» አሉ።

«አላለችም እትዬ።»

«ልጄ ካልሞትኩ ሳትል ...»

ብሩሹ ከእጃቸው ወደቀ። ኢክራም ደርሳ ታቅፋ ያዘቻቸው፤ ኖራው በሙሉ ልብሷ ላይ ታተመ። ጩኸታቸው መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፣ አፋቸው ብቻ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ መጣ። ሴቶቹ እየተጋፉ ገቡ፤ ዋይታው ከውስጥ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ግቢው ተቀባበለ።

በዋይታው መካከል ስፒከሩ የሆነ ነገር ተናገረ። የሰሙት ጋሽ ናሆምና ኢክራም ብቻ ናቸው።

«መቃወሚያው ተመዝግቧል፤ ድምፁ ከሂሳቡ ወጥቷል።»

ጋሽ ናሆም ግድግዳውን ተደገፉ። ኖራው እንዳልደረቀ የታወቃቸው ክንዳቸውን ሲያነሡ ነው፤ አላራገፉትም። በሴቶቹ መካከል አልፈው፣ ግቢውን አቋርጠው፣ በሩን ከፍተው ወጡ። ጎረምሶቹ ዋይታውን ሰምተው ሸክማቸውን መሬት አውርደው ይጠብቃሉ።

በእጃቸው ወደ ግቢው አመለከቱ።

«ድንኳኑን ትከሉት።»